የላይ አፋፍ ትምህርት ቤት እንዴት እንደታጠፈ

ሥራ የጀመርኩ ዕለት ርእሰ መምህሩ ቁልፉን እጄ ላይ አስቀመጠና፣ «አንደኛና ሁለተኛ ክፍል ያንቺ ናቸው። ሁለቱም አንድ ቤት ውስጥ ነው የሚማሩት፤ ግራ እንዳይገባሽ» ብሎኝ ወደ ሞላሌ ሄደ። የዝውውር ጥያቄውን ሊከታተል ነበር። የተመለሰው በአራተኛው ቀን ነው። በእነዚያ ቀናት ማን ማን እንደሚባል፣ ደወሉ የት እንደተሰቀለ፣ ጠመኔ የት እንደሚቀመጥ የነገሩኝ ተማሪዎቹ ናቸው።

መንግሥት በተለወጠ በሦስተኛው ዓመት ነበር። እኔ የመርሐቤቴዋ የዓለም ከተማ ልጅ ነኝ፤ ከመምህራን ማሠልጠኛ የአንድ ዓመት ሰርተፊኬቴን ይዤ ነው መንዝ የወጣሁት። መርሐቤቴ ላይ ይበቃኝ የነበረው ሹራብ ላይ አፋፍ ላይ ወንፊት ሆነ። በሁለተኛው ሳምንት የወላጅ ኮሚቴው ሊቀመንበር ጋሼ ክፍሌ አንድ አሮጌ በርኖስ አምጥተው፣ «ይህን ልበሽ፤ አስተማሪያችን በብርድ ሞተች ብንባል ሌላ አይልኩልንም» አሉኝ።

ትምህርት ቤቱ በጓሳ ሣር የተከደነ አንድ የድንጋይ ቤት ነበር። አንደኛ ክፍሎች ፊታቸውን ወደ ምሥራቁ ግድግዳ፣ ሁለተኛ ክፍሎች ወደ ምዕራቡ አዙረው ይቀመጣሉ። እኔ መካከል እቆማለሁ። አንደኞቹን «ሀ በሉ» ስል ሁለተኞቹም አብረው ይላሉ። ሁለተኞቹን ሦስት ሲባዛ በአራት ስጠይቅ ከኋላዬ አንድ የሰባት ዓመት ልጅ ቀድሞ ይመልሳል። መጀመሪያ ያበሳጨኝ ነበር። በኋላ ገባኝ፤ እነዚያ አንደኛ ክፍሎች የሁለተኛ ክፍልን ትምህርት ሁለት ጊዜ ነበር የሚማሩት።

ሙያውን እዚያ ተማርኩት። ጥቁር ሰሌዳ ሲነጣ ያለቀ የባትሪ ድንጋይ ሰብሮ፣ ውስጡን ፈጭቶ፣ በውሃ ለውሶ መቀባት ነው። የውጤት መዝገቡ፣ ሮስተሩ፣ ሲሠራ ስም በፊደል ተራ፣ ወንድና ሴት ለየብቻ፤ ደረጃ በቀይ እስክሪብቶ። የቀረ ልጅ ሦስት ቀን ካለፈው ቤቱ መሄድ እንጂ መዝገብ ላይ ምልክት አድርጎ መቀመጥ አይደለም። በእረፍት ሰዓት የወላጅ ማሳ ዳር መቆም አንድ ስብሰባ ያህል ይሠራል።

በሰባተኛው ዓመት ርእሰ መምህርት ሆንኩ። ተመርጬ እንዳይመስላችሁ፤ ከእኔ በፊት የነበሩት ሁሉ ዝውውር አግኝተው ስላለቁ ነው። ያን ጊዜ እስከ አራተኛ ክፍል እናስተምር ነበር። ሦስት መምህራን ነበርን።

ክዳኑን በቆርቆሮ የለወጥነውም በዚያ ዓመት ነው። ቆርቆሮው በጭነት መኪና እስከ ዋናው መንገድ ድረስ መጣ። ከመንገዱ ወዲህ መኪና አይገባም። ጋሼ ክፍሌ የአካባቢውን ሰው ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሰብስበው፣ «ጥጋበኛ ሁሉ ትከሻውን ይዞ ይምጣ» አሉ። ሁለት ሁለት ሰው አንድ እስር ቆርቆሮ እየተሸከመ ገደሉን ወጣ። ነፋሱ ቆርቆሮውን እንደ ሸራ እየነፋ ሰውን ይገፋ ነበር። ሴቶቹ ድንጋይና ጭቃ አቀበሉ፤ ሁለተኛውን የመማሪያ ክፍልና ጠባቧን ቢሮ ያኔ ጨመርን። ወረዳው የሰጠን ምስማርና የምስጋና ደብዳቤ ነው። ደብዳቤውን ግድግዳ ላይ ለጥፌው ነበር።

ደብዳቤው በተለጠፈ በሁለተኛው ዓመት ሌላ ደብዳቤ መጣ። ርእሰ ጉዳዩ «አነስተኛ ትምህርት ቤቶችን ስለማዋሃድ» ይላል። በሦስት ቀን ውስጥ መልስ እንድሰጥ ታዝዣለሁ፤ ደብዳቤው የተጻፈው ግን እኔ ዘንድ ከመድረሱ ከአሥራ አንድ ቀን በፊት ነው። ላይ አፋፍ የተማሪው ቁጥር ትንሽ ስለሆነ፣ በሦስት ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ከሚገኘው ከሰፊ ሜዳ ትምህርት ቤት ጋር ይዋሃዳል፤ መምህራኑም፣ ንብረቱም፣ ተማሪዎቹም ወደዚያ ይዛወራሉ።

ሦስት ኪሎ ሜትር የሚለውን ሁለት ጊዜ አነበብኩት።

በላይ አፋፍና በሰፊ ሜዳ መካከል ሸለቆ አለ። በሸለቆው ሥር የሚሄደውን ወንዝ ሰዉ አጓጉል ይለዋል። በበጋ ድንጋይ ለድንጋይ እየረገጡ ይሻገሩታል። በክረምት በሬ ይወስዳል፤ መስከረምም ገና ክረምቱ አልለቀቀውም። አምስተኛ ክፍል የደረሱት ልጆቻችን ሰፊ ሜዳ ነበር የሚማሩት፤ እነሱ ትልልቆች ናቸው፤ ያም ሆኖ መስከረምን ግማሹን ይቀራሉ። የሰባት ዓመት ልጅ በዚያ ይሂድ የሚል ሰው ቦታውን አላየውም ማለት ነው።

ወረዳው ጽሕፈት ቤት ሄድኩ። ጉዳዩን የያዘው የዕቅድ ባለሙያው አቶ ተፈራ ነበር። ከእኔ ብዙም የማይበልጥ፣ ንጹሕ ሸሚዝ የሚለብስ፣ ሰው ገብቶ እስኪቀመጥ ቆሞ የሚጠብቅ ጨዋ ሰው ነው። ክፉ ሰው ቢሆን ነገሩ ይቀለኝ ነበር።

«ሦስት ኪሎ ሜትር የሚለውን ማን ለካው?» አልኩት።

ካርታ ዘረጋ። ማስመሪያ አወጣ። ከአንዱ ነጥብ እስከ ሌላው አስቀመጠና፣ «ይኸው፤ እንዲያውም ትንሽ ያንሳል» አለኝ።

«አቶ ተፈራ፣ ልጆቹ ወፎች አይደሉም። ወደ ታች ወርደው፣ ወንዝ ተሻግረው፣ ወደ ላይ ነው የሚወጡት። እኔ በእግሬ ሁለት ሰዓት ከሩብ ይፈጅብኛል።»

«ገባኝ፤ ግን መመሪያው ርቀት ነው የሚለው፤ ሰዓት አይልም።»

«ታዲያ እርስዎ አንድ ቀን አብረውኝ ይሂዱ።»

«በሚቀጥለው ሩብ ዓመት የመስክ ጉብኝት ዕቅድ አለኝ» አለ። «ውህደቱ ግን የዚህኛው ሩብ ዓመት ነው።»

ቀልዶ መስሎኝ ፊቱን አየሁት። አልቀለደም።

«ይልቅ ኅብረተሰቡን ማወያየት ግዴታ ነውና እሑድ ስብሰባ ጥሪ» አለኝ። ጠራሁ። እሱም መጣ፤ ሞተር ብስክሌቱን ዋናው መንገድ ላይ ትቶ ዳገቱን በእግሩ ወጣ። ሲደርስ ከንፈሩ ጠቁሮ፣ እጁን ብብቱ ውስጥ ከትቶ ነበር። ጋሼ ክፍሌ በርኖሳቸውን አውልቀው አለበሱት። ስብሰባውን ሙሉ ትምህርት ቤቱ ለምን እንደሚታጠፍ ያስረዳው ያን በርኖስ ለብሶ ነው።

«ትምህርት ቤቱን መዝጋታችን አይደለም» አለ። «ማዋሃድ ነው። ልጆቻችሁ ቤተ መጻሕፍት ያለው፣ ለእያንዳንዱ ክፍል መምህር ያለው ትምህርት ቤት ይገባሉ።»

ከሴቶቹ በኩል ወይዘሮ አስካለ ተነሡ። ባላቸው የሞተባቸው፣ በጎቻቸውንና ሦስት ልጆቻቸውን ብቻቸውን የሚያሳድጉ ሴት ናቸው። ታላቂቱ ልጃቸው ሙሉነሽ ሦስተኛ ክፍል ነበረች፤ ከክፍሏ አንደኛ።

«ልጄ፣ ሁለት በግ በአንድ ገመድ ብታስር ተዋሃዱ አይባልም» አሉት። «ታነቁ ነው የሚባለው። አጓጉልን በመስከረም አይተኸዋል?»

«ድልድይ በዕቅድ ተይዟል፣ እናቴ።»

ጋሼ ክፍሌ ቀበል አድርገው፣ «እንግዲያው ድልድዩ ይሠራና እንነጋገር። እኛ እንቢ አላልንም፤ ወንዙ ነው እንቢ ያለው» አሉ። ሰዉ አጨበጨበ። ከዚያ በኋላ የተናገረ ሁሉ የተናገረው ይህንኑ ነው፤ አንዱ በወንዙ፣ አንዱ በብርዱ፣ አንዱ በጅቡ አድርጎ። አንድም ሰው እሺ አላለም። እኔ እዚያው ነበርኩ።

ማብቂያው ላይ አቶ ተፈራ አንድ ወረቀት አወጣ። «መገኘታችሁን የሚያሳይ ነው፤ ስማችሁ ላይ ፈርሙ» አለ። መጻፍ የሚችል ፈረመ፤ የማይችል አውራ ጣቱን በማኅተም ቀለም ነክሮ አሳረፈ። ጋሼ ክፍሌ ዳዊት የደገሙ ሰው ናቸው፤ መፈረም ይችሉ ነበር። ግን ሌላው እንዳያፍር ብለው ጣታቸውን ሰጡ።

ሰዉ ከተበተነ በኋላ ቢሮዬ ገባን። ቃለ ጉባኤ መጻፍ የእኔ ሥራ ነው። የተባለውን ሁሉ በማስታወሻ ይዤ ስለነበር መገልበጥ ጀመርኩ። አቶ ተፈራ ከትከሻዬ በላይ አነበበና፣ «እንዲህ አይጻፍም» አለ።

«እንዴት ነው የሚጻፍ?»

«'ሰፊ ውይይት ከተካሄደ በኋላ ኅብረተሰቡ ውህደቱን በሙሉ ድምፅ ተቀብሏል።' በቃ።»

«አልተቀበሉማ!»

ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ድምፁን እንኳ ከፍ አላደረገም። «መምህርት ዘነበች፣ ስሚኝ። አልተቀበሉም ብለሽ ብትጽፊ ወረቀቱ ይመለሳል። እንደገና ስብሰባ ጥሩ ይሉናል። እንደገና ዳገቱን እወጣለሁ። ሦስት ጊዜ ብንሰበስባቸውም ትምህርት ቤቱ ይዋሃዳል፤ ውሳኔው ከላይ አልቋል። በመጨረሻ፣ ኅብረተሰቡን ማሳመን ያቃታት ርእሰ መምህርት ተብለሽ ግምገማ ላይ የምትቀርቢው አንቺ ነሽ። እኔ ላንቺ ብዬ ነው።»

የግምገማን ነገር የዚያ ዘመን ሠራተኛ ያውቀዋል። ሰው በባልደረባው ፊት ይቆማል፤ እየተነሡ ድክመቱን ይቆጥሩለታል፤ ከዚያ እሱም በራሱ ላይ ይጨምራል። እኔ አንድ ጊዜ ቆሜ አውቃለሁ፤ በቂ ነበር። ደግሞም መሽቶበት ዳገት ላይ እንዳይቀር የሚቸኩል ሰው ፊቴ ተቀምጧል። ደክሞኝ ነበር። ውጤቱ ያው ነው ብዬ ራሴን አሳመንኩ።

ጻፍኩት። የእኔ የእጅ ጽሑፍ ቆንጆ ነው፤ ሁሉም የሚያመሰግነው ነው። ያን ወረቀት ከሁሉ አሳምሬ ነው የጻፍኩት። አቶ ተፈራ የመገኘት ፊርማውን ከሥሩ አያይዞ፣ ማኅተሜን አስመትቶ፣ በርኖሱን ለጋሼ ክፍሌ መልሶ ሄደ።

ሰኔ ሲያልቅ ንብረት ማዛወር ተጀመረ። ዴስኮቹንና ጥቁር ሰሌዳዎቹን በአህያና በሰው ትከሻ አጓጓዝን። ዴስኮቹ ከልጆቹ ቀድመው ሲሄዱ ሰዉ አልከለከለም። ቀጥሎ የመጣው ግን ቆርቆሮው ነው። ሰፊ ሜዳ ክፍል ስለማይበቃ፣ የላይ አፋፍ ቆርቆሮ ተነቅሎ እዚያ ለሚሠራ ተጨማሪ ክፍል ይዋል ተባለ።

አቶ ተፈራ አንድ አናጢና አራት የቀን ሠራተኞች ይዞ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ መጣ። ጋሼ ክፍሌ ከንጋት ጀምሮ ጣሪያው ላይ ነበሩ። በርኖሳቸውን ለብሰው፣ እግራቸውን ዘርግተው፣ ገብስ ቆሎ ይቆረጥማሉ።

«አባባ፣ ይውረዱ» አለ አቶ ተፈራ።

«ለምን እወርዳለሁ? ራሴ የተሸከምኩት ቆርቆሮ ላይ ነው የተቀመጥኩት።»

«የመንግሥት ንብረት ነው።»

«ታዲያ እየጠበቅኩለት ነዋ።»

አናጢው ሳቀ፤ አቶ ተፈራ ሲያየው አቆመ። መሰላሉን ያስደገፉበት ግድግዳ ሥር እነ ወይዘሮ አስካለ መጥተው ጥጥ እየፈተሉ ተቀመጡ። አንድም ክፉ ቃል የተናገረ የለም። አቶ ተፈራ ወደ እኔ ዞሮ፣ «አንቺ አነጋግሪያቸው» አለ። ሰዉ ሁሉ አየኝ። ምን እላለሁ? በቃለ ጉባኤ ተስማምታችኋል ልበል? ወደ ቢሮ ገብቼ ባዶ መሳቢያ መክፈትና መዝጋት ያዝኩ።

እንዲህ እንዳለን ስምንት ሰዓት ላይ ዝናቡ መጣ። በረዶ የቀላቀለ ነበር። ሠራተኞቹ፣ አናጢው፣ ሴቶቹ፣ አቶ ተፈራ፣ ሁላችንም እየተጋፋን ክፍሉ ውስጥ ገባን። በረዶው ቆርቆሮውን ሲደበድበው መነጋገር አልተቻለም። ጋሼ ክፍሌ ብቻ አልወረዱም፤ በርኖሳቸውን ራሳቸው ላይ ጎትተው እንደ ድንጋይ ቁጭ አሉ። ሲያባራ አናጢው መዶሻውን ከረጢቱ ውስጥ ከተተና፣ «ጌታዬ፣ እኔ ይህን ቤት አላፈርስም። አሁን አስጠልሎኝ» አለ። ሠራተኞቹም ተከትለውት ሄዱ።

ሪፖርቱ ላይ «የቆርቆሮ ማዛወሩ ሥራ በዝናብ ምክንያት ተራዝሟል» ተባለ። ከዚያ ዓመት ሪፖርቶች ሁሉ ለእውነት የቀረበው ያ ነው። ተራዝሞ ቀረ። አዲሱ ክፍል ሳይሠራ፣ ቤታችንም ሰው ሳይገባበት፣ ቁልፉ እኔ ቤት ተንጠልጥሎ መስከረም ጠባ።

እኔ ሰፊ ሜዳ የአራተኛ ክፍል መምህርት ሆኜ ተመደብኩ። ቤቴ ላይ አፋፍ ስለነበር ከልጆቹ ጋር እመላለስ ጀመር። ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ እንነሣለን። አባቶች በተራ ወንዙ ዳር ገመድ ወጥረው ይጠብቁናል፤ ትንንሾቹን በትከሻ ያሻግራሉ። ማዶ ስንደርስ ልጆቹ እስከ ወገባቸው ርሰዋል። ዳገቱን ወጥተን ትምህርት ቤቱ በር ላይ ስንቆም አንደኛው ክፍለ ጊዜ አልቋል።

የሰፊ ሜዳ ርእሰ መምህር አቶ ጌታነህ ያረፈደን ተማሪ ሰንደቅ ዓላማው ሥር ማቆም ልማዱ ነበር። በመጀመሪያው ቀን የእኛን ልጆች በሙሉ አቆማቸው፤ ጥርሳቸው እየተንቀጫቀጨ። እየጮህኩ ቢሮው ገባሁ።

«እርጥብ ልጅ ነው ነፋስ ላይ የምታቆመው!»

እሱም ጮኸ። «አንቺ ደግሞ እኔ ያመጣኋቸው ታስመስያለሽ? ዘጠና ልጅ አንድ ክፍል ውስጥ ነው ያለኝ! መስኮት ላይ ተቀምጠው ነው የሚማሩት! ቤተ መጻሕፍት አለ ያለሽ ማነው? መጻሕፍቱን አውጥቼ ሁለተኛ ክፍልን አስገብቼበታለሁ!» ይህን ብሎ ወጥቶ ልጆቹን አስገባቸው። ከዚያ በኋላ አቁሟቸው አያውቅም።

ወረዳው ዘንድ በየሳምንቱ ደብዳቤ ጻፍኩ። አንዱ መልስ «ተጨማሪ መረጃ ይላክልን» ይላል። ላክሁ። ሌላው «ጉዳዩ ለሚመለከተው ክፍል ተመርቷል» ይላል። የሚመለከተው ክፍል የቱ እንደሆነ ጠየቅኩ፤ ለሚመለከተው ክፍል ተመራ።

በመስከረም ሦስተኛው ሳምንት ሙሉነሽ ወደቀች። ገመዱን ይዛ መካከል ስትደርስ ድንጋዩ ከእግሯ ሥር ተንከባለለ። ጋሼ ክፍሌ ውስጥ ገብተው ነጠላዋን ያዙ፤ ነጠላው ቢቀደድ ኖሮ ሌላ ታሪክ ነበር የማወራው። ከፍ አድርገው አወጧት። ደብተሮቿን ወንዙ ወሰዳቸው። እሷ ያለቀሰችው ለደብተሮቹ ነው።

በማግስቱ አልመጣችም። በሦስተኛው ቀን ቤታቸው ሄድኩ። ወይዘሮ አስካለ በረታቸው በር ላይ ቆመው ተቀበሉኝ፤ ግቢ አላሉኝም።

«ደብተር እኔ እሰጣታለሁ» አልኳቸው። «ወንዙም በዚህ ወር ይጎድላል።»

«እኔ ልጅ እንጂ ደብተር አልወለድኩም» አሉኝ። «ወንዙ ለከርሞም ይሞላል።»

ጥቅምት ላይ ወንዙ ጎደለ። ትልልቆቹ ተመለሱ። ትንንሾቹ ግን አንዴ በግ ጥበቃ ከገቡ፣ አንዴ ቤት ውለው ከለመዱ፣ ማን ይመልሳቸዋል? ሙሉነሽም አልተመለሰችም።

ያን ጊዜ ጋሼ ክፍሌ አቤት ሊሉ ወረዳ ሄዱ። የደረሰባቸውን የሰማሁት ከራሳቸው ነው። ጽሕፈት ቤቱ ውስጥ ያገኙት ሰው ፋይሉን አውጥቶ አነበበላቸው፤ ከዚያ የጣታቸውን አሻራ አሳያቸው። ተመልሰው በቀጥታ ወደ እኔ መጡ። አልተቀመጡም።

«መምህርት፣ እኔ ጣቴን የሰጠሁት ለመገኘቴ ነው ወይስ ለመስማማቴ?»

«ለመገኘትዎ ነው፣ ጋሼ።»

«ታዲያ 'በሙሉ ድምፅ ተቀብሏል' የሚለውን ማን ጻፈው?»

መዋሸት ይቻል ነበር። አቶ ተፈራ ነው ማለት እችል ነበር፤ ቃሉ የእሱ ነው። «እኔ ነኝ» አልኩ።

«ጽሕፈትሽን አውቀዋለሁ» አሉ። «የልጆቼ ሰርተፊኬት ላይ አይቼዋለሁ። ሲያነብልኝ ዓይኔን አላመንኩም እንጂ አውቄዋለሁ።» ከዚያ ወጡ። በዚያ ዓመት መንገድ ላይ ስንገናኝ ሰላምታ ይሰጡኝ ነበር፤ እንደ ቀድሞው ግን ቆመው አያወሩኝም።

በዚያው ሳምንት ለወረዳው ጻፍኩ። ቃለ ጉባኤው የስብሰባውን ሐሳብ እንደማይገልጽ፣ ኅብረተሰቡ ውህደቱን እንዳልተቀበለ፣ የተያያዘው ፊርማ የመገኘት ብቻ እንደሆነ፣ ስሕተቱ የእኔ እንደሆነ ዘረዘርኩ። ለዚህኛው ደብዳቤ መልስ ለመስጠት ሦስት ቀን እንኳ አልፈጀባቸውም። ግምገማ ላይ ቀረብኩ። «የጻፈችውን የምታጥፍ»፣ «ለኋላ ቀር አመለካከት የተንበረከከች» ተባልኩ። አቶ ተፈራም ተነሥቶ ተናገረ፤ ከሁሉ ለዘብ ያለው የእሱ ነው፤ «የሥራ ጫና ይሆናል» አለ። የመጀመሪያ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ማኅደሬ ውስጥ ገባ። ደብዳቤዬ ግን የትም ፋይል ውስጥ አልገባም፤ በኋላ ፈልጌ አጥቼዋለሁ።

ሁለት ዓመት አለፈ። ድልድዩ በዕቅድ እንደተያዘ ነበር። ከዚያ ከላይ ሌላ መመሪያ ወረደ፤ ትንንሽ ልጆች ሩቅ መንገድ ስለሚጓዙ ከትምህርት ገበታ እየቀሩ መሆኑ በጥናት ተደርሶበታልና፣ በየመንደራቸው አቅራቢያ «ሳተላይት ትምህርት ቤት» ይከፈትላቸው የሚል። ወረዳው ቦታ ፈለገ። ላይ አፋፍ ላይ ቆርቆሮ የለበሰ፣ ሁለት ክፍል ያለው ባዶ ቤት እንዳለ አንድ ሰው አስታወሰ።

የምረቃው ዕለት ሪባን ተቆረጠ። አቶ ተፈራ ወደ ዞን አድጎ ሄዶ ነበር፤ የተተካው ሰው ንግግር አደረገ። «ለዘመናት ትምህርት ለተጠማው ለላይ አፋፍ ሕዝብ» አለ። ጋሼ ክፍሌ ስለ ኅብረተሰቡ እንዲናገሩ ተጋበዙ። ተነሡና፣ «ጣሪያው ያፈስ እንደሆነ ልይ ብዬ አንድ ቀን ወጥቼ ነበር፤ አያፈስም» ብለው ተቀመጡ። እንግዶቹ አልገባቸውም፤ አጨበጨቡ። የአገሩ ሰው ሆዱን ይዞ ሳቀ። እኔን ደግሞ «የአዲሱ ትምህርት ቤት» ርእሰ መምህርት አድርገው መደቡኝ። የሥራ ልምድ ሲጠይቁኝ እዚሁ ቤት ውስጥ የሠራሁትን ጻፍኩ፤ ቅጹ ላይ «ቀድሞ የሠሩበት ቦታ» በሚለው ሥር።

ሙሉነሽ ከሰዉ ጋር መጥታ ነበር። ተድራለች፤ ቁመቷ ጨምሯል። ዳር ወስጄ፣ «እንኳን መጣሽ። ሰኞ ተመዝገቢ፤ ካቆምሽበት ትቀጥያለሽ» አልኳት።

«እስከ ስንተኛ ነው?» አለችኝ።

ሳተላይት እስከ ሦስተኛ ክፍል ብቻ ነው የሚያስተምረው። እሷ ያቋረጠችው አራተኛን ጀምራ ነው።

«እስከ ሦስተኛ» አልኳት።

«እሱንማ ጨርሻለሁ፣ እትዬ» አለችና ነጠላዋን አስተካክላ ወደ ሴቶቹ ተመለሰች። ለአራተኛ ክፍል እንዲፈቀድልን ያን ዓመትም፣ የሚቀጥለውንም ዓመት ጻፍኩ። ከዓመታት በኋላ ሲፈቀድ ሁለተኛ ልጇን አዝላ ነበር።

በጡረታ እስክወጣ ድረስ ከዚያ በኋላ ብዙ ቃለ ጉባኤ ጽፌአለሁ፤ ሱፐርቫይዘር ሆኜም ሌሎች የጻፉትን አይቻለሁ። አቶ ተፈራ ትክክል ሊሆን ይችላል፤ እውነቱን ብጽፍም ትምህርት ቤቱ ይታጠፍ ነበር ይሆናል። ግን ጋሼ ክፍሌ ወረዳ ሲሄዱ የሚያገኙት ወረቀት ሌላ ይሆን ነበር። ለወጣት ባልደረቦቼ የምለው ይህን ብቻ ነው፦ ቃለ ጉባኤ ስትጽፉ ሰው ያለውን ጻፉ። እንቢ ካለ እንቢ አለ በሉ። የመገኘት ፊርማን የስምምነት ፊርማ አስመስላችሁ አታያይዙ።